ነርቭ ሰዓት ይወዳል

«ነርቭ አለብኝ» የሚል ሰው በሰፈራችን ብዙ ነው። ራሱን የሚያመው ነርቭ ነው ይላል። እግሩ የሚደነዝዘውም፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውም፣ ድንገት የሚወድቀውም እንዲሁ። ነርቭ ግን የበሽታ ስም አይደለም። ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ አልፎ እስከ እግር ጣት ድረስ መልእክት የሚያደርስ የሰውነታችን ሽቦ ነው። ሁላችንም አለን። የሚታመምበት መንገድ ብዙ ነው፤ ሕክምናውም እንደ ሕመሙ ይለያያል።

ያደግኩት ሞረትና ጅሩ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን በጤና ሙያ እሠራለሁ። ሥራዬ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያሳስበኛል። አንዱ ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ፣ እንቅልፉን ግን የሚያጎድል፣ ቁርስ የሚዘልል፣ ማታ አረቄ የሚደጋግም ነው። ሌላው «ምግቤን አስተካክያለሁ፣ መድኃኒት ይብቃኝ» ብሎ ክኒኑን የሚተው ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ። ምግብ፣ እንቅልፍና ውሎ መድኃኒትን አይተኩም። መድኃኒቱ በደንብ እንዲሠራ ግን ያግዙታል። አንዳንዴም ሕመሙ ከመነሻው እንዳይመጣ ያደርጋሉ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከምንጠቀመው ጉልበት ግን አንድ አምስተኛውን እሱ ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምግቡን፣ ውኃውን፣ አየሩንና እረፍቱን በየሰዓቱ ይፈልጋል። ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ከብርዱና ከከሰሉ እንጀምር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። መንዝ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ከሰል እናያይዛለን፣ በር እንዘጋለን፣ ቀዳዳውን በጨርቅ እንወትፋለን። ጠዋት ራሳችንን ይዞን እንነሳለን።

አንዲት እናት «ማይግሬን ነው» ተብለው መጡ። ሕመሙ ሁልጊዜ ጠዋት ነው። ያቅለሸልሻቸዋል። ደጅ ወጥተው ትንሽ ሲቀመጡ ይለቃቸዋል። አብሯቸው የሚተኛው የልጅ ልጃቸውም ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ።

«እማማ፣ ማታ ከሰል ያስገባሉ?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ። ግን ፍሙ ከፈካ በኋላ ነው የማስገባው። ጭስ የለውም» አሉኝ።

ብዙ ሰው እንደ እሳቸው ነው የሚያምነው። የሚገድለው ግን ጭሱ ብቻ አይደለም። የፈካ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ደሙ ይዘዋወራል፤ አንጎል ግን አየር አያገኝም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል መድከም ይመጣል። ተኝቶ የነበረ ሰው ምልክቱን ሳያውቀው በዚያው ይቀራል። ከሞት የተረፈውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የአረማመድና የባሕርይ ለውጥ ሊታይበት ይችላል።

ከከሰሉ አጠገብ ውኃ ማስቀመጥ አያድንም። መስኮት በጣት ያህል መክፈትም አስተማማኝ አይደለም። የሚያዋጣው ክፍሉን አስቀድሞ አሙቆ፣ ከመተኛት በፊት ከሰሉን ከነማንደጃው ደጅ ማውጣትና ክፍሉን ማናፈስ ነው። ከዚያ በኋላ ባና ይሥራ። በመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ አንድ ደህና ባና ሌሊቱን በሙሉ ያሞቃል፣ ማንንም አይገድልም። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ የሞቀ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም ይረዳል። በአንድ ቤት ካደሩ ሰዎች ከአንድ በላይ ጠዋት ራሱን ካመመው ወዲያው ደጅ ውጡና ጤና ተቋም ሂዱ። ማስታገሻ ውጦ ተመልሶ መተኛት እዚህ ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

ራስ ምታት፣ ጾምና ቡና

እውነተኛው ማይግሬን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ይጀምራል። እንደ ልብ ትርታ ይመታል። ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። አንዳንዱ ሰው ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ላይ ብልጭታ ያያል። የማይግሬን አንጎል ድንገተኛ ለውጥ አይስማማውም። እንቅልፍ ሲያንስ ይነሳበታል። እሑድ እስከ ረፋድ ሲተኛም ይነሳበታል። ምግብ ሲዘለል፣ ውኃ ሲያንስ፣ ጭንቀት ሲበዛ፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ እንዲሁ።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ የሚገጣጠመው በጾም ነው። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ምግብም፣ ውኃም፣ ቡናም በአንድ ጊዜ ይቀሩበታል። ቡና በየቀኑ ሦስት አራት ሲኒ የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ የጾሙ መጀመሪያ ሰሞን የሚይዘን ራስ ምታት አብዛኛው የረሃብ ብቻ ሳይሆን የቡና ሱስ ነው። ጾሙን ሳይነኩ ማቅለል ይቻላል። ከቅበላ ቀደም ብሎ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ መቀነስ ነው። ቡናችሁን ከሦስት ወደ አንድ አውርዳችሁ ከገባችሁ የመጀመሪያው ሳምንት አይከብድም። ጾሙ ሲፈታም መጀመሪያ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ ብሉ፣ ቡናው በመጨረሻ ይምጣ።

ሕመሙ ከባድ የሆነበት ሰው ደግሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀልላለች። በቀወትና በኤፍራታ ላሉ ሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳን ጾም ለታመመ ሰው የተፈቀደ እፎይታ አለው። ብዙ ሰው እንደማፈር ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሱቅ ፓናዶል ወይም ዲክሎፌናክ እየገዛ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚውጥ ሰው ራሱ ማስታገሻው ራስ ምታት ያመጣበታል። ሲያመው ይውጣል፣ ስለዋጠ ያመዋል። ከዚህ አዙሪት ብቻውን መውጣት ይከብዳል። ሐኪም ይርዳው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው

ይህ በሽታ አይተላለፍም። በአረፋውም፣ በምራቁም፣ በመንካትም አይተላለፍም። ይህን በትልቁ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ወድቆ ሳለ «እንዳትነኩት» እየተባለ እሳት ውስጥ የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ።

በአንጎል ውስጥ ያሉት ሴሎች በኤሌክትሪክ ይነጋገራሉ። አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ መውደቁና መንቀጥቀጡ ያን ጊዜ ይመጣል። በትክክል ከታከሙ ከ10 ሰዎች ወደ 7 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ የሆነ፣ ለረጅም ዘመን የተሠራበት መድኃኒት ነው። ግን በየቀኑ መወሰድ አለበት። ድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ የባሰ፣ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል።

ከውሎ አንፃር ትልቁ ጠላት እንቅልፍ ማጣት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለፈተና ሦስት ሌሊት ቡና እየጠጣ ወይም ጫት እየቃመ ያነጋል፤ በአራተኛው ቀን ይወድቃል። ማኅሌት የሚቆም ዲያቆን፣ ለሠርግ የሚያድር ወጣት፣ አራስ ልጅ የምታጠባ እናት ሁሉም ይህን ይወቁ። ሌሊት መቆም ግድ ከሆነ ቀን ቀድሞ መተኛትና ክኒኑን በሰዓቱ መዋጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጠላት አልኮል ነው። ሲጠጣ ብቻ ሳይሆን ስካሩ ሲለቅም ያስነሳል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ወባ አለ። ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ያለው ቤት አጎበሩን አይዘንጋ።

ጠበልን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። እኔም አማኝ ነኝ። ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ጠበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። ሁለቱ አይጣሉም። ውኃ ውስጥ ግን ብቻውን አይግባ፤ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይኑር። ወንዝም እንደዚያው ነው። ፈረስ መጋለብና ዛፍ ላይ መውጣት ሕመሙ እስኪረጋጋ ይቅር። ከሁሉም በላይ ምድጃ። እንጀራ የምትጋግር እህት ብቻዋን እሳት ዳር አትቀመጥ። መሬት ላይ ካለ ምድጃ ይልቅ ከፍ ብሎ የተሠራና ዙሪያው የተከለለ ምድጃ ብዙ ቃጠሎ ያስቀራል።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት አታሽትቱት፤ ምንም አይሠራም። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ውኃ አታጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትያዙት። እሳቱንና ድንጋዩን ከአጠገቡ አርቁ። ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አድርጉ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ተመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወይም የወደቀችው ነፍሰ ጡር ከሆነች በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ጓያ

የጅሩ ልጅ ሆኜ ስለ ጓያ ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላ መሬት ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ የሚበቅል እህል ነው። ድርቅ ይችላል፣ ውኃ የተኛበት መሬት ይችላል። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ችግሩ የሚመጣውም በዚሁ በጎነቱ ነው። በክፉ ዓመት ቤት ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል።

ጓያ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ። ትንሽ ጓያ አልፎ አልፎ መብላት አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ነው። እግርን የሚያዘው ነርቭ ይጎዳል። መጀመሪያ ባት ይከብዳል፣ ሌሊት ቁርጥማት ይይዛል፣ ጉልበት ይገትራል። ከዚያ ሰውየው በእግር ጣቱ መራመድ ይጀምራል፣ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። አንድ ዱላ፣ ሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም መዳህ። አእምሮውና ንግግሩ አይነኩም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቃው ወጣት ወንድ ነው፤ የቤቱ ጉልበት። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ደርሶ ብዙ ሰው ሽባ አድርጓል።

ሽማግሌዎቻችን «የጓያ እንፋሎት ይመታል»፣ «የጓያ ማሳ ውስጥ አትሂድ»፣ «ጭዱ ላይ አትተኛ» ይላሉ። ጓያ ሰው እንደሚያሽመደምድ ማወቃቸው ትክክል ነው። መንገዱ ግን በእንፋሎት ሳይሆን በሆድ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እናት ጓያ ሲፈላ ልጇን ከእንፋሎቱ አርቃ፣ ሲበርድ ንፍሮውን ታበላዋለችና።

እንዴት እንደሚበላም ለውጥ ያመጣል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ የበለጠ ያጋልጣሉ። ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ቦክቶ የተጋገረውና በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራው ወጥ ይሻላሉ። በቤት ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው። ጓያውን ሌሊቱን መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት። ከዚያ በብዙ ውኃ መቀቀልና ይህንንም ውኃ መድፋት። መርዙ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ አብሮ ይሄዳል። ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር መደባለቅ፤ ጓያው ከሩብ አይብለጥ። በችግር ጊዜ ያለችው ጥቂት ስንዴ ተለይታ ከምትበላ ከጓያው ጋር ተደባልቃ እስከ መጨረሻው ብትደርስ ይሻላል። ባቱ መክበድ የጀመረው ሰው ያን ቀን ጓያ ያቁምና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የቀረውን ማዳን የሚቻለው ያኔ ነው።

ስትሮክ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ፊት በአንድ በኩል ሲወርድ፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር «ምች ነው» ብላችሁ ቤት አትዋሉ። ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል ቢሆን እንኳ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ ይህን መድረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለእኛ መከላከል ከሁሉም ይበልጣል።

መከላከል ማለት ከሁሉ በፊት ደም ግፊትን መቆጣጠር ማለት ነው። ደም ግፊት አያምም። ስለማያምም ሰው ክኒኑን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ይህ የሽሮውን፣ የበርበሬውን፣ የዳቦውንና የወጡን ጨው ሁሉ ይጨምራል። ቡና በጨው የሚጠጣ ቤት ደግሞ ገና ከጠዋቱ ከዚህ ላይ መቀነስ ይጀምራል። ከቡናው መጀመር ቀላል ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል።

አረቄ ለብርድ አይሆንም። ሲጠጣ የሚሰማው ሙቀት ደም ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ በዚያው የሰውነት ሙቀት ይባክናል። ደም ግፊትን ይጨምራል። ያስተኛል፤ ግን ሌሊቱ አጋማሽ ላይ ያባንናል። የገጠሩ ሰው በቀን ብዙ ይራመዳል። ከተማ ገብተን ለአንድ ፌርማታ ባጃጅ የምንሳፈር ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገናል።

የሚደነዝዝ እግር፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ

እግሩ ላይ ጉንዳን የሚሄድ የሚመስለው ሰው መጀመሪያ ስኳሩን ይለካ። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። በእኛ ብርድ ደግሞ እግሩን እሳት ዳር ያደርጋል፤ ሲቃጠል አይሰማውም። ካልሲና ሰፋ ያለ ጫማ ይሁን፤ እሳት አይሁን። ማታ ማታ እግርን በብርሃን ማየት ልማድ ይሁን። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እግሩ ከደነዘዘ ይናገር፤ በቫይታሚን ቢ6 የሚታገዝ ነገር ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ከጾም ውጭ እነዚህን የሚያገኝ ሰው ብዙም አይቸገርም። ዓመቱን ሙሉ እንጀራ በሽሮ ብቻ የሚበሉ አረጋውያንና ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ግን ይመርመሩ።

ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል ሕመም ያለበት ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ፊቱ ስሜት አያሳይም። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢዋጥ ይሻላል። ሥጋና ጥራጥሬ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ ይሻሙታልና ይህን ምግብ ወደ ማታ ማዞር ብዙዎችን ይረዳል። የሚገርመው የደጋችን ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ ራሱ ሌቮዶፓ አለበት። ባቄላ መድኃኒት ይሆናል ማለት ግን አይደለም። መጠኑ ከእሸት እሸት ይለያያል፤ ብዙ እሸት የበላ ቀን ሰውነቱ የተለወጠበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር። የሆድ ድርቀቱን ደግሞ ተልባ፣ ጎመንና ውኃ ያቀሉታል።

እንቅልፍ

ለአዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ። ከብዛቱ እኩል ሰዓቱ አለመዋዠቁ ይጠቅማል፤ የመኝታው ባይሆን እንኳ የመነሻው። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣነው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደማችን ውስጥ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከሰዓት በፊት ቢሆን ምን ይጎድላል? ጎረቤት እንደሆነ ጠዋትም ይጠራል። ስልኩም ከአልጋው ራቅ ብሎ ይደር።

ጤና ተቋም ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የተማሪ ደብተር ያዙ። ያመማችሁን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ምን በላችሁ፣ ጾም ነበር ወይ፣ ከሰል ነበር ወይ፣ ክኒኑ ተረስቶ ነበር ወይ። መጻፍ ለማይችል ልጅ ይጻፍለት። ስትመጡ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።